ሥር የሌለው ቅርንጫፍ

በእኛ ሰፈር ሰላምታ ከተለወጠ ስድስት ዓመት አልፎታል። ዘር የወሰደ ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥምህ «እንዴት አደርክ» አትለውም፤ «ነህ?» ትለዋለህ፤ አንተ ራስህ ነህ ወይ ለማለት ነው። እሱም «ነኝ» ብሎህ ያልፋል። ማን እንደጀመረው በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ልጆች ለፌዝ ያመጡት ነው ይባላል። ቆይቶ ግን ሼሁም ቄሱም ተቀበሉት፣ በመጨረሻ ቀበሌው ራሱ በሩ ላይ ለጠፈው። ዛሬ ወገል ጤና ገበያ መሐል ሁለት ሽማግሌዎች «ነህ?» «ነኝ» ሲባባሉ ዞሮ የሚያይ ሰው የለም።

ጦይባ እባላለሁ፤ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከደላንታ ገደል የሚወጣውን ኦፓል ስለይ ኖሬያለሁ። ቆፋሪዎቹ ወንዶች ናቸው። እነሱ ድንጋዩን በጆንያ አምጥተው ይዘረግፉታል፣ እኛ ሴቶቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እንለየዋለን። የእኔ ድርሻ ቅርንጫፍ ያለበት ድንጋይ ነበር። አንዳንድ ጊዜ በነጩ ኦፓል ውስጥ ዛፍ የመሰለ ጥቁር ቅርንጫፍ ይገኛል። አንዱ የእውነት ተክል ነው፤ ድንጋዩ ገና ሳይጠነክር ገብቶ እዚያው የቀረ። ሌላው ግን ሕይወት ኖሮት አያውቅም፤ ማዕድን ያዘለ ውኃ በስንጥቅ ገብቶ፣ እየተከፋፈለ ተንጣሎ የደረቀ ነው። ሁለቱን ለይቼ ሁለት ክምር አደርጋለሁ። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የሚገዛው በእኔ ቃል ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ድንጋይ ተመልሶ አልመጣብኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

መለያው ከባድ አይደለም። ተክል ሥር አለው፤ ግንዱ ይወፍራል፣ ጫፉ ይቀጥናል፣ አንዱ ቅጠል ወደ አንተ ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ማዕድኑ ግን ዝርግ ነው፤ ሥር የለውም፤ ሁልጊዜ ከጠርዝ፣ ከስንጥቅ ይጀምራል። ድንጋዩን በምላሴ አርስና ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። ቅርንጫፉ ከየት እንደጀመረ ካየሁ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው።

ባለቤቴ አደም ቆፋሪ ነበር። ስድሳ ዓመት ሲሞላው መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ፣ ከዚያ የጎረቤቶችን ስም፣ ከዚያ የእኔን ረሳ። በአራተኛው ዓመት ቃል የሚባል ነገር ከአፉ መውጣት አቆመ። አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ጎኑ እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃችን ሐያት ናት ደሴ ለሚገኘው መመለሻ ማዕከል ያስመዘገበችው። ተራው በዓመቱ ደረሰ። የጠፋን አእምሮ መልሶ ያበቅላል የሚባለውን ዘር በአንገቱ በኩል ሰጡትና በዚያው ቀን ወደ ቤት መለሱልን፤ ከእሱ ጋር አንድ ቆርቆሮ ግራጫ ዱቄት፣ የዘሩ ቀለብ።

ዱቄቱን በየማለዳው በአጥሚት አድርጌ እሰጠዋለሁ። የብረት ሽታ አለው፣ ምላስ ያጠቁራል። በሰፈራችን ምላሳቸው የጠቆረ ስድስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አደም ሰባተኛ ሆነ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰባቱም መስጊዱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ቀልድ ይናገራል፣ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ትንሽ ይቆዩና ሰባቱም በአንድ ጊዜ ይስቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይህን የሰማ ሁሉ ይሰቀጥጠው ነበር፤ አሁን ሴቶቹ ሳቁን እየሰሙ ሰዓት ያውቁበታል።

በሦስተኛው ወር አደም ተናገረ። ሻይ አስቀምጬለት ልብስ ሳጥፍ ነበር።

«ጦይባ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል» አለኝ።

እልል ልበል፣ ልጩህ፣ ላልቅስ ጠፋኝ። እዚያው ያጠፍኩት ልብስ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ አሙቄ ስሰጠው ብርጭቆውን ተቀብሎ «አመሰግናለሁ» አለኝ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አደም አመስግኖኝ አያውቅም። ቆፋሪ ነው፤ ለሱ ሻይ ማለት ሻይ ነው፣ ይጠጣል፣ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ልብ አላልኩትም።

በኋላ ግን ልብ ማለት ጀመርኩ፤ ሙያዬ ነው። ቃል የማያበዛው ሰው ወሬኛ ሆነ። ሲቀምሰው ያንገሸግሸው የነበረውን የበግ ቅቅል ጠይቆ በላ። ካልሲውን ያጥፋል። እኔን ሲያየኝ ዓይኑን ቶሎ አያነሳም። እያንዳንዱን ነገር እያነሳሁ በልቤ አንዱ ክምር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ክምሩ እያደገ ሄደ። ማዕከሉ በሰጠን ወረቀት ላይ «እስከ ስድስት ወር የሐዘን ጥያቄ አይጠየቅም» የሚል ስለነበረ ምንም አልጠየቅኩትም።

ስድስት ወር ሲሞላ የምስክርነት ቀን አለ። ሕጉ የወጣው ሐይቅ በኩል አንዲት ሴት ተመልሳ፣ ልጆቿን እያቀፈች፣ ስማቸውን ግን በድብቅ ከወረቀት እንደምታጠና ከተደረሰበት በኋላ ነው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ይህ ሰው እሱ ነው? ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ነው» እና «አይደለም»። ምስክሩ የትዳር ጓደኛ ነው። «ነው» ካልክ ዱቄቱ ይቀጥላል። «አይደለም» ካልክ ይቆማል፣ ዘሩም በሃያ አንድ ቀን ይደርቃል።

ከቀኑ በፊት ለሐያት ደውዬ ጥርጣሬዬን ነገርኳት።

«እማ፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ‹ሐያቴ› ይለኛል» አለች። «ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሱን።»

«እሱ ሆነ አልሆነ ማንን ጎዳ?»

«አንቺ አባት ነው የምትፈልጊው፤ እኔ የምፈልገው አደምን ነው። የሌላ ሰው ድምፅ ከአደም አፍ ሲወጣ እየሰማሁ አላረጅም።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ዓይኔ ተሳስቶ ያውቃል?» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ማዕከሉ ስንደርስ ሶልያና የምትባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችን። ትሑት ልጅ ናት። በደንቡ መሠረት የአደምን ጭንቅላት ምስል አሳየችኝ፤ ለወጉ ነው፣ ማንም አያነበውም። በነጭ ላይ ጥቁር ቅርንጫፍ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ነገር ነው። ዝርግ ነው። ሥር የለውም። ከአንድ ጠርዝ፣ ከአንድ ስንጥቅ ጀምሮ እየተከፋፈለ ሄዷል።

«ይኼ የበቀለ አይደለም» አልኳት። «በስንጥቅ የገባ ነው።»

«እንዴት አወቁት እናቴ?»

አስረዳኋት። እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። ከዚያ የምስክርነቱ ክፍል ምድር ቤት ስለሆነ ሁለት ፎቅ ወረድን። መስኮት የለውም፤ ጠባብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ደረጃው ላይ እየቀለደ የነበረው አደም ገና ከበሩ ሲገባ ዝም አለ። ጣሪያው ባይነካውም ጎንበስ ብሎ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ሄደ። ሶልያና ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ይጠይቁት አለችኝ።

እኔ የመረጥኩት ጥያቄ ከማል ነበር። ከማል የበኩር ልጃችን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞተ። አደም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት በእጁ ቆፍሮ ነው ያወጣው፤ ጥፍር አልቀረለትም። አደም ስሙን ቢረሳ፣ ቤቱን ቢረሳ፣ እኔን ቢረሳ ይገባኛል። ከማልን የማያውቅ ሰው ግን አደም ሊሆን አይችልም። እንዲህ ብዬ ነው የገባሁት።

«አደም፣ የበኩር ልጃችን ማን ይባላል?»

ቀና አለ። ቀኝ እጁን ዘረጋና መዳፉን ጣሪያው ላይ አሳረፈ።

«አላውቀውም» አለ።

«ከማልን? ከማልን አታውቀውም?»

መዳፉን ይበልጥ ተጫነው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ተቆጣ ማለት ይቻላል።

«አላውቀውም አልኩ! ተነሺ፣ እንውጣ።» ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ።

እጄን አስለቀቅኩት። ከሶልያና ብዕር ተቀብዬ «አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስትለኝ ነኝ አልኳት።

በማግሥቱ ድሮን ግቢያችን ውስጥ አርፎ የተረፈውን ዱቄት ወሰደ። የሃያ አንዱ ቀን ኑሮ እንዲህ ሆነ። አሁን እቤቴ ያለው ሰውዬ ባሌ አይደለም፤ ይህንን በፊርማዬ መስክሬያለሁ። ስለዚህ ፀጉሬን ሸፈንኩ። ባዕድ ወንድ ፊት ፀጉር አይገለጥም። መኝታዬን ጓዳ አደረግኩ። ሻይ ሳቀርብለት የውጪውን በር ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር በዝግ ቤት ብቻዬን መሆን ደስ አይለኝም። ሥርዓት ነው ብዬ እንጂ በክፋት አልነበረም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሻሼን አየና «ጦይባ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፉም» አልኩት።

አርባ ዓመት አንተ ያልኩትን ሰው እርስዎ አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀኝም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ብርድ ሲገባ እንኳ ዝጊው አላለኝም። ሻዩን ሳስቀምጥለት ግን ማመስገኑን አልተወም።

ከዚያ ቃሎቹ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋበት፤ ማንኪያውን በጣቱ ማሳየት ጀመረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መስጊዱ ግድግዳ ሥር ስድስቱ በአንድ ጊዜ ሲስቁ እሱ አልሳቀም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በራችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከገበያ ስትመለስ ቆም አለች።

«አደም፣ ነህ?»

አፏን ትኩር ብሎ አየ። ሰላምታውንም የረሳው መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ከእሷ አንስቶ ወደ እኔ አዞረና «ነኝ» አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። እኔ ሻሼን አጠበቅኩና ወደ ውስጥ ገባሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን ዘሩ እንዳሉት ደረቀ። አደም ሕያው ነው። ይተነፍሳል፣ ካጎረሱት ይውጣል፣ ዓይኑ ክፍት ነው። በመዝገብ ላይ «ያልተመለሰ» ተብሏል። ያልተመለሰ ሰው ደግሞ የድሮ ባሌ ነው፤ ስለዚህ ሻሼን አውልቄ፣ መኝታዬን ወደ ቦታው መልሼ፣ እንደ ድሮው አጥበው ጀመር። ልቤ ከብዶኝ ነበር፣ ግን ተረጋግቼ ነበር። እውነቱን ለይቻለሁ ብዬ እተኛ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አያ ቢተው መጣ። አያ ቢተው የአደም የቆፋሪነት ጓደኛው ነው፤ ዓመት ሙሉ ባቲ ልጁ ቤት ከርሞ ነው የተመለሰው። አደም አጠገብ ተቀምጦ እጁን ያዘለት። ሁሉንም ነገርኩት። ከማልን አላውቀውም ማለቱ ላይ ስደርስ እጁን አነሳና አስቆመኝ።

«የት ሆናችሁ ነው የጠየቅሽው?»

«ደሴ፣ ማዕከሉ።»

«ማዕከሉስ ገባኝ። የትኛው ክፍል ውስጥ?»

«ምድር ቤት ነው። ሁለት ፎቅ ወርደን።»

«ጣሪያውስ?»

«ዝቅ ያለ ነው። እንዲያውም እጁን ዘርግቶ ነክቶታል።»

«ነካው?»

«መዳፉን አሳርፎ ነው አላውቀውም ያለኝ።»

አያ ቢተው ቆቡን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከቆቡ ሥር ነው ያናገረኝ።

«ጦይባ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ሰው ስሙ ጉድጓድ ውስጥ አይነሳም። ጣሪያው ይሰማል እንል ነበር፤ አንዱን የወሰደ ጣሪያ ስሙን ከሰማ ሌላውንም ይወስዳል። አላዋቂ ከጠየቀህ መዳፍህን ከላይ አድርገህ አላውቀውም ትላለህ። ሁለተኛ ከጠየቀ ምንም ሳትል ይዘኸው ትወጣለህ። በዚያ ያላደገ ቆፋሪ የለም።»

«እኔ እንዴት አላወቅኩም?» አልኩት። «አርባ ዓመት የቆፋሪ ሚስት ሆኜ?»

«ለሴት አይነገርም ነበር። ብታውቁት ኖሮ ማናችንን ታስገቡን ነበር?»

አያ ቢተው ቆቡን ከፊቱ አነሳ፤ እያለቀሰ ነበር።

«እሱ እኮ አንቺን ሊያወጣሽ ነው» አለ።

እሱ ከሄደ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ተነሺ እንውጣ ያለኝ አደም ነበር። ልጁን ያጣበት ዓይነት ቦታ ሚስቱን አስገብተውበት፣ ሚስቱ ደግሞ የማይጠራውን ስም ሁለት ጊዜ ስትጠራ ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ እሷም እጇን አስለቅቃ ፈረመችበት። ለሻዩ ያመሰገነኝም አደም ነበር። አራት ዓመት እንዳጠብኩት፣ እንዳገላበጥኩት ነግረውት ይሁን ወይ ራሱ እየሰማ ኖሮ ይሁን አላውቅም፤ ግን የሚያመሰግንበት ነበረው። ዓይኑን ከእኔ ላይ ቶሎ ያላነሳውም ስለናፈቅኩት ነው። ምን አጠፋሁ ያለኝ ሰው ምንም አላጠፋም ነበር፣ እኔም መልሼ እንደዚያው ነው ያልኩት፣ ግን እንደ እንግዳ ቆጥሬው ነው።

አንድ ነገር ሙያዬን በተመለከተ ልናገር። ከደላንታ ገደል አልፎ አልፎ ድንጋይ የሆነ ግንድ ይወጣል። ከእንጨቱ ቅንጣት አልቀረበትም። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ፣ የበሰበሰውን ጥቂት በጥቂት እየተካ፣ ዛፉን በሙሉ ድንጋይ አድርጎታል፤ ግን የእያንዳንዱ ዓመት ቀለበት በቦታው ነው፣ ጉጡም በቦታው ነው። ይህንን ድንጋይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳላመነታ ከሕያዋኑ ክምር ጋር አስቀምጬዋለሁ። በስንጥቅ ነው የገባው ብዬ ወዲያ የጣልኩበት ቀን የለም። የአደምን ምስል ሳይ ግን ከየት እንደጀመረ ብቻ አየሁ፤ ማንን ተክቶ እንደቆመ አልጠየቅኩም። ዓይኔ አልሳተም ነበር፣ እኔ ነኝ የሳትኩት።

ደሴ ሄድኩ። ሶልያና አወቀችኝ፤ ወንበር ሳበችልኝ።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። እሱ ነበር። ሰርዢልኝ» አልኳት።

ጥቂት ፈለገች። «እናቴ፣ የማስተካከያ ቅጽ አለ፤ ግን ለአድራሻ ለውጥ ብቻ ነው የሚያገለግለው።»

«እሺ ዘሩን ድጋሚ ስጡት።»

«የደረቀበት ቦታ ሌላ አይቀበልም። መንገዱ ይዘጋል። ባደርግልዎ ደስ ባለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ እጄን ጥዬ ቀረሁ። ልታጽናናኝ ብላ መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ቀን ስለ ስንጥቁ ያስረዳኋት ነገር በጣም እንደጠቀማቸው፣ ለሌሎች ማዕከላትም እንደ መለያ እንደተላከ ነገረችኝ። አሁን ምስክር ሳይጠራ በፊት ምስሉ በእኔ አነጋገር ይለያል አለች።

«ስንት ሰው?» አልኳት።

ውኃ አምጥታ አጠጣችኝና እስከ በሩ ሸኘችኝ። ለማን አቤት እንደምል ጠይቄያት አንድ ቁጥር ጻፈችልኝ፤ ቁጥሩ ላይ እስከ ዛሬ እደውላለሁ፣ አንድ ደስ የሚል ድምፅ ስለ ትብብሬ ያመሰግነኛል።

ሐያት ከምስክርነቱ ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሳትደውል መጣች። ቦርሳዋን አስቀምጣ አባቷን አጠበችው፣ ጢሙን ከረከመችለት፣ ጥፍሩን ቆረጠችለት። ከዚያ መጥታ እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ አፉ በይኝ» አለች።

«ለምኑ?»

«ገድለሽዋል ብዬሽ ነበር በልቤ። ወራት እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ አሰብኩት፤ አርባ ዓመት አብራው የኖረች አንቺ ነሽ፣ ዓይንሽ አይስትም። እሱ አልነበረም። አባቴ ከአምስት ዓመት በፊት ነው የሄደው፣ ያ ሰውዬ ሌላ ነው። ይህን ካመንኩ ወዲህ መተኛት ጀምሬያለሁ። መብላትም።» ጉንጯን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። «ልክ ነበርሽ።»

እጄ ፀጉሯ ላይ ነበር። ዝም ማለት እችል ነበር። ፊቷ ሞልቷል፣ ከዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ጠፍቷል። አንድ ቃል አለመናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ነገርኳት። ጣሪያውን፣ መዳፉን፣ አያ ቢተው ያለኝን፣ ሻሼን፣ እርስዎ ማለቴን፣ ምን አጠፋሁ ማለቱን። አንድም አላስቀረሁም። ስናገር ጉንጯ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ነበር፤ ስጨርስ ቀስ ብላ አነሳችው። አላለቀሰችም። አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች።

ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበርና ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ሻይ ላፍላልሽ አልኳት። አልፈልግም አለች። እውነት ስለሆነ ነው ልላት አሰብኩ፤ አባትሽ ስለሆነ ማወቅ ይገባሻል ልላትም አሰብኩ። ሁለቱም የምስክር ቃል ይመስላሉ፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ለማንም መመስከር አልችልም።

ብቻዬን ልሸከመው ስላቃተኝ ነው የነገርኳት። ይህንን ግን አልነገርኳትም።